ሲሲሊ ታይሰን፦ ስለ ረጅሙ የመድረክና የፊልም ሕይወታቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች አሜሪካዊቷን የመድረክና የፊልም ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰንን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ በተለይ በአንድ ፊልም ወይም በአንድ ተከታታይ ድራማ ብቻ ያወቋቸው ሰዎች የሚያነሧቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ተዋናይቷን በአንቱታ ጠርተናቸዋል፤ የተጫወቷቸውን ሴቶች ግን «እሷ» እያልን እናወሳቸዋለን፤ ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ አንባቢ እንዳይደናገር ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ሲሲሊ ታይሰን ማን ናቸው?

ሲሲሊ ታይሰን ዲሴምበር 19 ቀን 1924 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልደው፣ በሐርለም አድገው፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2021 በ96 ዓመታቸው ያረፉ ተዋናይት ናቸው። ወላጆቻቸው ከካሪቢያን ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከኔቪስ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ነበሩ፤ አባታቸው አናጢና ቀለም ቀቢ ሲሆኑ፣ እናታቸው በሰው ቤት እየሠሩ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። የትወና ሕይወታቸው ከ1950ዎቹ ተነሥቶ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ድረስ ስለዘለቀ ሰባት አሥርተ ዓመታት ያህል ይሸፍናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለቴሌቪዥን ሥራ የሚሰጠውን ኤሚ ሦስት ጊዜ፣ ለመድረክ ሥራ የሚሰጠውን ቶኒ አንድ ጊዜ፣ ከፊልሙ ዓለም ደግሞ አንድ የክብር ኦስካር ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ የሥራዎቻቸውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት ለሚያነብ ሰው፣ ከሽልማቶቹ ይልቅ ዓይን የሚይዘው በየመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ነው። አንዳንዱ ክፍተት ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ከኒው ዮርኩ ታላቅ የቲያትር መድረክ ከብሮድዌይ የራቁበት ደግሞ 30 ዓመት ይሞላል። ለጥቁር ሴት የሚሰጥ ሚና ጥቂት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የመጣውን ሥራ «አይሆንም» ብለው መመለሳቸው ሲሆን፣ ስለ እሳቸው ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ ይደርሳሉ።

የትውልድ ዓመታቸው አንዳንድ ቦታ 1933፣ አንዳንድ ቦታ 1924 ተብሎ የሚጻፈው ለምንድን ነው?

ትክክለኛው 1924 ነው። 1933 የሚለው ለብዙ ዓመታት በጋዜጣና በመጽሔት ሲታተም የኖረ ሲሆን፣ የስሕተቱን ምንጭ ታይሰን ራሳቸው በግለ ታሪካቸው ተናግረዋል። ወደ ሙያው ሲገቡ ሠላሳ ዓመት ደፍነው ነበር፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ትዳር ይዘው አንዲት ሴት ልጅም ወልደዋል። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጃቸው ከዕድሜያቸው ላይ አሥር ዓመት ያህል እንዲያነሡ መከራቸው፤ ፊታቸውም ሆነ ቁመናቸው የወጣት ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። ሴት ተዋናይት አርባ ዓመት ሲሞላት ሚናዋ በሚመናመንበት ሙያ ውስጥ ይህ ክፉ ምክር አልነበረም፤ ምንም እንኳ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ አንድ ጊዜ ትልቅ ሚና ሊያስመልጣቸው ቢቃጣም።

በዚህ ምክንያት በ2013 የቶኒ ሽልማት ሲያሸንፉ አንዱ ጋዜጣ የ79፣ ሌላው የ88 ዓመት አዛውንት ብሎ ጻፋቸው። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዕድሜዎች ሁሉ በ1924 የተሰሉ ናቸው።

ከትወና በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ቤተሰባቸውስ ምርጫቸውን እንዴት ተቀበለው?

በአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከጠረጴዛቸው ተነሥተው፣ እግዚአብሔር ወደዚህች ምድር ያመጣቸው ዕድሜ ልካቸውን የጽሕፈት መኪና ሲደበድቡ እንዲኖሩ እንዳልሆነ ለባልደረቦቻቸው መናገራቸውን በኋላ ደጋግመው አውስተዋል። ከዚያ በኋላ የፋሽን ሞዴል ሆኑ፤ ፎቶግራፋቸውም «ኤቦኒ»ን በመሰሉ የጥቁር አሜሪካውያን መጽሔቶች ላይ ወጣ፤ ከሞዴልነቱ ወደ ትወና ትምህርት የተሻገሩትም በዚሁ ጊዜ ነው።

እናታቸው ግን ሲኒማ ቤት መግባትን እንኳ ኃጢአት ነው ብለው የሚያምኑ፣ ልጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ተዋናይት ለመሆን መወሰናቸውን ሲሰሙ «እዚህ ቤት እየኖርሽ አይሆንም» ብለው አስወጧቸው፤ እናትና ልጅ ለሁለት ዓመት ገደማ ተኳርፈው ቆዩ፤ የታረቁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ጠብ እንደ ተራ የቤተሰብ ወሬ ማለፍ አይገባም። ታይሰን ሥራቸውን የመረጡት እናታቸውን አስቀይመው ነበርና፣ ያን ያህል ዋጋ ለተከፈለበት ሙያ የማይመጥን ሚና መቀበል የከበዳቸው ለዚህም ጭምር ይመስለናል።

በመድረክ ላይ ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ነው?

ብሮድዌይን በ1959 ሲቀላቀሉ የዘፋኝና ተዋናይት ኧርታ ኪት ተጠባባቂ ነበሩ፤ ማለትም ዋናዋ ተዋናይት ብትታመም ለመተካት ሚናውን አጥንተው ከመጋረጃው ጀርባ ይጠብቁ ነበር። ስማቸው የተሰማው ግን በ1961 ከብሮድዌይ ውጪ በሚገኝ ሴንት ማርክስ ፕሌይሃውስ በተባለ ትንሽ ቲያትር ቤት፣ ፈረንሳዊው ዣን ዥኔ የጻፈው «ዘ ብላክስ» የተባለው ተውኔት በተከፈተ ጊዜ ነው። ጥቁር ተዋንያን ነጭ ጭምብል አጥልቀው ንግሥት፣ ዳኛና አገረ ገዥ እየሆኑ በነጮች የበላይነት ላይ የሚሳለቁበት ይህ ተውኔት 1,408 ጊዜ ታይቷል። አብረዋቸው ከተሰለፉት መካከል ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ሉዊስ ጎሴት፣ ሮስኮ ሊ ብራውንና ማያ አንጀሉ ይገኙ ነበር። ያኔ ገና ስም ያላወጡ ነበሩ፤ ዛሬ እነዚህን ስሞች አንድ ማስታወቂያ ላይ ተሰልፈው ማየት ለማመን ያስቸግራል።

ፀጉራቸው ለምን ያን ያህል መነጋገሪያ ሆነ?

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የምትታይ ጥቁር ሴት ፀጉሯን በጋለ ማበጠሪያ ወይም በኬሚካል ማለስለስ ይጠበቅባት ነበር። ታይሰን በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ አፍሪካዊት ሴት እንዲጫወቱ ሲመረጡ፣ ያቺ ሴት በለሰለሰ ፀጉር ብትታይ ውሸት ይሆናል ብለው አሰቡ። ስለዚህ ሐርለም ውስጥ ወደሚገኝ ፀጉር ቤት ሄደው፣ በተቻለ መጠን አሳጥሮ እንዲቆርጣቸውና ፀጉሩ ወደ ተፈጥሯዊ ጥቅልሉ እስኪመለስ እንዲያጥብላቸው ፀጉር አስተካካዩን ጠየቁት።

ጉዳዩ አገር አቀፍ የሆነው ግን በ1963 በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ በጀመረው «ኢስት ሳይድ/ዌስት ሳይድ» ድራማ ነው። ጆርጅ ሲ. ስኮት የኒው ዮርክ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኖ በሚመራው በዚህ ድራማ ታይሰን የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ ጥቁር ሴት በቋሚነት እንዲህ ባለ ቁም ነገረኛ ድራማ ውስጥ መታየቷ ራሱ ብርቅ ነበር። አጭር፣ ያልለሰለሰ ፀጉራቸውን ይዘው በየሳምንቱ በመቅረባቸው ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። የሚያመሰግኗቸው ነበሩ፤ የሚሰድቧቸውም ነበሩ፤ ደንበኞቻችን እንደ እርስዎ ተቆረጡልን እያሉን ገበያችንን ዘጉብን ብለው የጻፉ የፀጉር ቤት ባለቤቶችም አልጠፉም። ድራማው ከ26 ክፍሎች በኋላ በ1964 ተቋረጠ፤ የፀጉሩ ነገር ግን አልቆመም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታይሰን ሹሩባ ተሠርተው በአደባባይ መታየት ሲጀምሩ ዳግመኛ ወሬ ሆነ። ሹሩባ ከእናት ጉልበት ሥር ተቀምጦ የሚሠሩት የዘወትር ነገር ለሆነበት ለእኛ አንባቢ ይህ ሁሉ ጫጫታ ግር ሊለው ይችላል፤ ሆኖም በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ቆንጆ የሚባለው ፀጉር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነበር።

«አልቀበልም» ያሏቸው ሚናዎች ምን ዓይነት ነበሩ?

ጥቁር ሴትን ሴተኛ አዳሪ፣ ሱሰኛ ወይም መሳቂያ አድርገው ብቻ የሚያቀርቡ ሚናዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ፊልሞች በብዛት ይሠሩ ስለነበር፣ እምቢታቸው በገቢያቸው ላይ ምን እንዳስከተለ መገመት አይከብድም። ታይሰን ራሳቸው ለዚህ ውሳኔ ምክንያት አድርገው ከሚያነሧቸው ገጠመኞች አንዱ በ1972 «ሳውንደር» የተባለውን ፊልም በየከተማው እየዞሩ ሲያስተዋውቁ የደረሰ ነው፤ አንድ ነጭ ጋዜጠኛ ተነሥቶ፣ በፊልሙ ውስጥ ጥቁሩ ልጅ አባቱን «አባዬ» ብሎ ሲጠራ ማየት እንደከበደው፣ የራሱም ልጅ በዚያው ቃል እንደሚጠራው ተናገረ። ታይሰን ይህን ሲሰሙ፣ ሥራቸው መተወን ብቻ ሆኖ ሊቀጥል እንደማይችል ተረዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበሉት ሚና ይህን ሰውዬ የሚመልስ መሆን ነበረበት።

ታዲያ በኋላ የቤት ሠራተኛ ሆነው መጫወታቸው ከዚህ ጋር አይጋጭም?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። በ1991 «ፍራይድ ግሪን ቶማቶስ» ውስጥ ሲፕሲ የተባለችውን ምግብ አብሳይ፣ በ1994 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ላይ በሚያተኩር የቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ ካስቴሊያ የተባለችውን በባርነት ያለፈች ሴት፣ በ2011 ደግሞ «ዘ ሄልፕ» ውስጥ ኮንስታንቲን የተባለችውን አሮጊት የቤት ሠራተኛ ተጫውተዋል፤ ለካስቴሊያም የኤሚ ሽልማት አግኝተዋል።

በእኛ ግምት መለኪያቸው የገጸ ባሕርይዋ ሥራ ምንድን ነው የሚለው አልነበረም። የገዛ እናታቸው በሰው ቤት ሠርተው ያሳደጓቸው ሴት ስለነበሩ፣ የቤት ሠራተኛን መጫወት ያዋርደኛል የሚል ሐሳብ ከእሳቸው አይጠበቅም። የሚጠይቁት ሴትዮዋ የራሷ ሐሳብ፣ የራሷ ቁጣና የራሷ ታሪክ አላት ወይስ የሌላው ሰው ታሪክ ማጀቢያ ብቻ ናት ብለው ነበር። ኮንስታንቲን በፊልሙ ላይ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዕድሜ ልክ አገልግሎት በኋላ በእንግዶች ፊት ከቤት ስትባረር ፊቷ ላይ የሚነበበው ግን ረጅም ንግግር ከሚሰጣቸው ገጸ ባሕርያት ይበልጣል። ይህ መልስ ሁሉንም ተቺ አያረካም፤ ፊልሙ ራሱ ብዙ ክርክር አስነሥቷልና።

«ሳውንደር» ለምን የመጀመሪያ ታላቅ ፊልማቸው ይባላል?

በ1972 ማርቲን ሪት ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ታይሰን ሬቤካ ሞርጋንን ሆኑ። ሬቤካ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በሉዊዚያና በጭሰኝነት የምትኖር የልጆች እናት ናት፤ ባሏ ለተራቡ ልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ሲታሰር እርሻውም ቤቱም በእሷ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ለታይሰን የታሰበላቸው የትንሽዋ የአስተማሪዋ ሚና ነበር፤ ለሬቤካ ወጣትነታቸውና ውበታቸው አይመጥንም ተብሎ። እውነተኛው ዕድሜያቸው ያኔ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር! በወረቀት ላይ የተቀነሰው አሥር ዓመት ሊያስመልጣቸው ተቃርቦ የነበረው ሚና ይህ ነው። ታይሰን ግን ከሬቤካ በቀር ሌላ አልፈልግም ብለው ጸኑ።

ከፊልሙ አንድ ትዕይንት ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው የባልየውን መመለስ ይመልከት። መጀመሪያ የሚያውቀው ውሻው ነው። ሬቤካ ከደጅ ሆና መንገዱን ታያለች፤ በሩቁ አንድ ሰው እያነከሰ ይመጣል። ወዲያው አትሮጥም፤ ዓይኗን ማመን ያቃታት ያህል ትቆማለች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ ስሙን እየጠራች በአቧራማው መንገድ ትሮጣለች፤ ሩጫዋ የተዋናይት አይመስልም፤ እግሯ ይደናቀፋል፣ ቀሚሷ ይጠላለፋታል፣ ድምፅዋ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ሚና ለኦስካር ታጩ። በማርች 1973 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት በምርጥ መሪ ተዋናይትነት ዘርፍ ከዕጩዎቹ መካከል የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊዴይን የተጫወተችው ዳያና ሮስም ነበረች፤ ሁለት ጥቁር ሴቶች በአንድ ዓመት በዚህ ዘርፍ ሲታጩ የመጀመሪያው ነበር። ያሸነፈችው ላይዛ ሚኔሊ ናት። ይህ ነገር እንደገና የተደገመው በ2021 ሲሆን፣ ታይሰን ከሞቱ ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር። ያን ጊዜ ከታጩት ሁለት ጥቁር ሴቶች አንዷ አንድራ ዴይ እንደ ዳያና ሮስ ቢሊ ሆሊዴይን የተጫወተች ስትሆን፣ ሌላዋ ቫዮላ ዴቪስ በቴሌቪዥን የታይሰን ልጅ ሆና የሠራች ተዋናይት ናት።

ትልቁ ሥራቸው የትኛው ነው?

አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች በጃንዋሪ 31 ቀን 1974 በሲ.ቢ.ኤስ. የተላለፈውን «የሚስ ጄን ፒትማን ግለ ታሪክ» ይጠራሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ፊልሙ የተመሠረተው በኧርነስት ጌንስ ልብ ወለድ ላይ ሲሆን፣ በባርነት ተወልዳ የ1960ዎቹን የሲቪል መብቶች ትግል እስክታይ ድረስ የኖረችን አንዲት ሴት ይተርካል። ታይሰን ይህችን ሴት ከወጣትነቷ ጀምሮ 110 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ተጫውተዋታል። ፊታቸውን ያስረጁት ኋላ በሙያው ዝነኛ የሆኑት ስታን ዊንስተንና ሪክ ቤከር ናቸው፤ ሜካፑ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

ሜካፕ ቆዳን እንጂ እርምጃን አያስረጅም። ታይሰን ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ሄደው፣ ያረጁ ሴቶች ከወንበር ሲነሡ መጀመሪያ የትኛው እጃቸው እንደሚደገፍ፣ ሲናገሩ ትንፋሻቸው የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸው ወዴት እንደሚያርፍ አጠኑ። ውጤቱ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ይታያል። ሚስ ጄን በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ወደሚገኘው፣ «ለነጮች ብቻ» ወደተባለው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ በከዘራዋ እየተደገፈች ትሄዳለች። መንገዱ አጭር ነው፤ ለእሷ ግን ረጅም ነው፤ ካሜራው አይቸኩልም። ፖሊሶቹ ቆመው ያያሉ፤ ሕዝቡ ዝም ብሏል። ትደርሳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትጠጣለች፣ ቀና ትላለች፤ ከዚያ በመጣችበት እርምጃ ትመለሳለች። ይህ ትዕይንት በልብ ወለዱ ውስጥ የለም፤ ለፊልሙ የተጨመረ ነው። አንድም ትልቅ ንግግር ሳይደረግ ያለቀ ትዕይንት ሆኖ ሳለ፣ ካዩት በኋላ ከዓይን አይጠፋም።

ፊልሙ ዘጠኝ የኤሚ ሽልማት ሲያገኝ ሁለቱ የታይሰን ናቸው። የ110 ዓመቷን ሴት ሲጫወቱ ሕዝቡ ገና አርባ የደፈኑ ይመስለው ነበር፤ እሳቸው ግን 50 ሊሞላቸው ነበር።

በ«ሩትስ» ውስጥ ማን ነበሩ?

ቢንታን፣ ከጋምቢያ ተይዞ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰደውን የኩንታ ኪንቴን እናት። ድራማው በጃንዋሪ 1977 በኤ.ቢ.ሲ. ለስምንት ተከታታይ ሌሊቶች ተላልፏል፤ ታይሰን የሚታዩት ታሪኩ ጋምቢያ ውስጥ በሚጀምርበት ክፍል ነው። በቀጣዩ ዓመት የማርቲን ሉተር ኪንግን ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግንና ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ያስመለጠችውን ሃሪየት ተብማንን፣ በ1981 ደግሞ የቺካጎ አስተማሪዋን ማርቫ ኮሊንስን ተጫውተዋል። ሦስቱም በእውን የኖሩ ሴቶች ናቸው። የሚፈልጉት ዓይነት ሚና በሲኒማ ሲጠፋ በቴሌቪዥን፣ ከልብ ወለድ ሲጠፋ ከታሪክ መጽሐፍ ይፈልጉት ነበር ማለት ይቻላል።

ከሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር ተጋብተው ነበር?

አዎ። ትውውቃቸው ከ1960ዎቹ የሚጀምር ሲሆን፣ በ1967 የወጣው የዴቪስ «ሶርሰረር» አልበም ሽፋን ላይ የሚታየው የጎን ፊት የታይሰን ነው። በኖቬምበር 1981 ተጋቡ፤ ትዳራቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ በፍቺ አበቃ። ብዙ ጽሑፎች ስለ ታይሰን ሲያወሩ ግማሹን ቦታ ለዚህ ጋብቻ ይሰጣሉ፤ ከሙያቸው ርዝመት አንጻር ግን ይህ ይበቃል።

ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ብሮድዌይ የተመለሱት እንዴት ነው?

በ1983 በ«ዘ ኮርን ኢዝ ግሪን» ተውኔት ላይ በብሮድዌይ ሠርተው ነበር፤ ትርዒቱ አንድ ወር እንኳ ሳይቆይ ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ሆርተን ፉት የጻፈው «ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» በጄራልዲን ፔጅ መሪነት በፊልም ሲወጣ አዩት። ከሲኒማ ቤቱ ወጥተው ወደ ወኪላቸው ሄዱና፣ የእኔንም «ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» አምጡልኝ፣ ከዚያ ጡረታ እወጣለሁ አሉ። የመጣላቸው በ2013 ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኬሪ ዋትስ የተባለች አሮጊት በሂዩስተን ከልጇና ከምራቷ ጋር በጠባብ ቤት ትኖራለች፤ ከመሞቷ በፊት ተወልዳ ያደገችበትን መንደር ለማየት ስትል የጡረታ ቼኳን ደብቃ በአውቶቡስ ትጠፋለች። በዋናነት ለነጭ ተዋንያን ሲሠራ የኖረው ይህ ተውኔት አሁን በጥቁር ቤተሰብ ተተወነ፤ ኪዩባ ጉዲንግ ጁኒየርና ቫኔሳ ዊሊያምስም አብረው ነበሩ። ኬሪ በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተነሥታ መዝሙር ስትዘምር፣ ከታዳሚው መካከል መዝሙሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች አብረዋት መዘመር ጀመሩ። ይህ አንድ ሌሊት የሆነ ነገር አልነበረም፤ ሌሊት በሌሊት ይደገም ነበር። በብሮድዌይ ታዳሚ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ማየት እንጂ ከተዋናይት ጋር መዘመር ያልተለመደ ነው፤ ያ አዳራሽ ግን ለጥቂት ደቂቃ ቤተ ክርስቲያን ይሆን ነበር።

በጁን 2013 የቶኒን ሽልማት ሲቀበሉ ንግግራቸው ስለረዘመ፣ ከፊት ለፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ «እባክዎ ይጠቅልሉ» የሚል ጽሑፍ በራ። ታይሰን ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡትና፣ እናንተም ያደረጋችሁልኝ ይህንኑ ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ በክንዳችሁ ጠቀለላችሁኝ አሉ። ጡረታ ግን አልወጡም። በ2015 ከጄምስ ኧርል ጆንስ ጋር በ«ዘ ጂን ጌም» ተመለሱ፤ ሁለት ተዋንያን ብቻ ያሉበት፣ በየሳምንቱ ስምንት ጊዜ የሚታይ ተውኔት ነው። እሳቸው 90 አልፈዋል፤ «ዘ ብላክስ» ላይ አብረው ከቆሙ 54 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ኦስካር አግኝተዋል?

በውድድር አላገኙም። በኖቬምበር 2018፣ ከመጀመሪያው ዕጩነታቸው 45 ዓመት በኋላ፣ የክብር ኦስካር ተሰጣቸው፤ ይህን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት በ2015 የኬኔዲ ማእከልን ክብር፣ በ2016 ከፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ እጅ የነጻነት ሜዳይ ተቀብለዋል።

ወጣቱ ተመልካች የሚያውቃቸው በየትኛው ሥራ ነው?

ከ2015 እስከ 2020 በእንግዳ ተዋናይትነት በቀረቡበት «ሃው ቱ ጌት አዌይ ዊዝ መርደር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ታይሰን የተጫወቷት ኦፊሊያ፣ ቫዮላ ዴቪስ የምትጫወታት የጠበቃዋ የአናሊስ እናት ናት። ለዚህ ሚና አምስት ጊዜ ለኤሚ ታጭተዋል። ታዋቂው ትዕይንት የመጀመሪያው ዓመት ነው፦ ዝነኛዋ ጠበቃ ወለል ላይ፣ ከእናቷ ጉልበት መካከል ተቀምጣለች፤ እናቲቱ ማበጠሪያ ይዛ የልጇን ፀጉር ትፈታለች፤ እያበጠረች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ለዘመናት የተደበቀ የቤተሰብ ቁስልና አንድ የተቃጠለ ቤት ታሪክ ታወራለች። ማበጠሪያው አንዴም አይቆምም። በ1963 ፀጉራቸውን ሳያለሰልሱ በመቅረባቸው የተሰደቡት ተዋናይት፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሌላዋን ጥቁር ሴት ተፈጥሯዊ ፀጉር በዋና ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ ሲያበጥሩ አንድም ተቃውሞ አለመሰማቱን ስናስብ ትዕይንቱ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

በሥራቸው በቀጥታ የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል ግን አለ። ታይሰን ለረጅም ዘመን የሐርለሙ የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በ1808 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘበት ትውፊት እንዲህ ነው፦ በኒው ዮርክ በነበረ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ ሲደረግ፣ ከአቢሲኒያ የመጡ ባሕረኞችና ነጋዴዎች ከጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን ጋር ጥለው ወጥተው የራሳቸውን መሠረቱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 በአሜሪካ ጉብኝታቸው ይህን ቤተ ክርስቲያን ጎብኝተዋል። ታይሰን ሲያርፉ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ በወረርሽኙ ጊዜ ጭምብል ያጠለቀ ሕዝብ በብርድ ተሰልፎ አስከሬናቸውን የተሰናበተው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቀብር ጸሎታቸውም የተደረገው እዚያው ነው።

ሥራ ያቆሙት መቼ ነው?

አላቆሙም። በጃንዋሪ 2020 የወጣ ፊልም ላይ ይታያሉ፤ ከላይ የጠቀስነው ተከታታይ ድራማ ያበቃውም በዚያው ዓመት ነው። «ጀስት አዝ አይ አም» የተባለው ግለ ታሪካቸው ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ለገበያ ሲቀርብ፣ በዚያው ሳምንት ስለ መጽሐፉ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሰጥተው ታይተዋል። ያረፉት መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን ነው።

ሥራዎቻቸውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

ብዙ ሰው በ«ሩትስ» ይጀምራል፤ ነገር ግን በዚያ ውስጥ የሚታዩት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አያጠግብም። በእኛ ምርጫ መጀመሪያ «ሳውንደር»፣ ቀጥሎ «የሚስ ጄን ፒትማን ግለ ታሪክ» ይታይ፤ ሁለቱ በሁለት ዓመት ልዩነት ውስጥ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በአቧራው መንገድ የምትሮጠዋና ወደ ውኃው ቧንቧ በከዘራ የምታዘግመው አንድ ሰው መሆናቸውን ለማመን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የመድረክ ሥራቸውን ለማየት ላልታደለ ሰው ደግሞ «ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» በ2014 በቴሌቪዥን ፊልምነት ተሠርቷል፤ መዝሙሩም በውስጡ አለ፤ አብሮ የሚዘምረው ታዳሚ ብቻ ነው የጎደለው።